ሞተሩ የታደሰለት ኮሮላ እንዴት ይነዳ?

ጥያቄ፦ የኮሮላዬን ባለ 16 ቫልቭ 4ኤ-ጂኢ ሞተር እዚሁ ጎንደር አሳድሻለሁ፤ ሲሊንደሮቹ ውስጣቸው ተስሎ (ተፍቆ) አዲስ ፒስተንና ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት) ገብቶላቸዋል። መካኒኩ ቀኑን ሙሉ በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ) እንዳቆየውና እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ በሰዓት ከ40 እንዳላልፍ መክሮኛል። ታናሽ ወንድሜ ግን ከመጀመሪያው ቀን ካልተጫንኸው ጉልበት አያወጣም ይላል። የማንን ልስማ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ወንድምዎ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚገጥመው በራሱ የመለጠጥ ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ ነዳጁ ሲቀጣጠል የሚፈጠረው ጋዝ ከጀርባው ገብቶ ወደ ውጭ ስለሚገፋው ነው። ሲሊንደሩ ሲሳል የተተዉት የተጠላለፉ ጭረቶች ገና ስል ሳሉ ይህ ግፊት ከተገኘ፣ ፋሻውና ግድግዳው እየተፋፋቁ ይለማመዳሉ። ግፊቱ ከጎደለ ግን ዘይት በጭረቶቹ ላይ እየተቃጠለ እንደ መስታወት የለሰለሰ ሽፋን ይሠራል፤ ሞተሩም ዘይት መብላት ይጀምራል፤ ሲሊንደሩ ዳግም ካልተሳለ በቀር አይድንም። በሚኒሞ ማቆየትን አጥብቀን የምንቃወመው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርዎ የሚስበው አየርም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ ነዳጅ ሲሰጡ ቆጠብ ማለት ፋሻውን ይበልጥ ይጎዳዋል።

ከመነሣቱ በፊት ካንዴላዎቹን (ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን) አውጥተው የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ያዙሩት። ከተነሣና በሚገባ ከሞቀ በኋላ ከባጃጁ ግርግር ወጥተው፣ ወደ ኮሶዬ በሚወስደው አቀበት በ3ኛ ማርሽ፣ ፔዳሉን ከግማሽ በላይ ረግጠው በደቂቃ ከ2,000 ወደ 4,500 ዙር ያሳድጉት፤ ከዚያም እግርዎን አንሥተው ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ያድርጉ። ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ዘይት ወደ ፋሻዎቹ እያመጣ የተፋቀውን ብናኝ ያጥባል። ይህን በየመካከሉ ረጋ ብለው እየነዱ ይደጋግሙት። የሊማሊሞን ረጅም አቀበት ግን ለጊዜው ይተዉት፤ ያልተቋረጠ ጭነት ሙቀት ያበዛል፤ በጎንደር ከፍታ ክፍት ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ መሆኑንም ያረጋግጡ።

ለጊዜው ሙሉ ሲንተቲክ ሳይሆን ተራ ማዕድናዊ ዘይት ይጠቀሙ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ፣ ከዚያም በ800 ኪሎ ሜትር ላይ ከነፊልትሮው ይቀይሩት። አሮጌውን ፊልትሮ ቀድደው ይመልከቱ፤ ጥቂት ግራጫ ብናኝ የሚጠበቅ ሲሆን፣ መዳብ መሰል ቅንጣት ካዩ ግን ሞተሩን ሳያስነሡ መካኒኩን ይጥሩ።

ከ1,500 ኪሎ ሜትር በኋላም ሰማያዊ ጭስ ካልጠፋ፣ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ። በሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት ሲጨመር ንባቡ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቮቹን ይጠርጥሩ። በከፍታው ምክንያት ንባቡ መመሪያው ላይ ከተጻፈው ማነሱ አይቀርምና፣ ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ።