«አስጠላኝ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስለ መጸየፍና ስለ መደንገጥ ቃላት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የማልወደውን ሁሉ «ዲስገስቲንግ» እላለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም። የእኛ «አስጠላኝ» ሰፊ ነው፤ ወጡም፣ ሰዉም፣ ዝናቡም ያስጠላል። «ዲስገስቲንግ» ግን የሚቀፍ፣ የሚያቅለሸልሽ ነገር ነው፤ የቃሉ የላቲን ሥርም «ጣዕም» ነው። የጋባዥዎ ወጥ ጨው ቢበዛበት ይህን ቃል እንዳያወጡ፤ ወዳጅነት ያፈርሳል።

ጥያቄ፦ «አይ አም ዲስገስቲንግ» ብል ሳቁብኝ።

መልስ፦ «እኔ አስጸያፊ ነኝ» ብለው ነዋ! የተጸየፈው ሰው «ዲስገስትድ» ነው። «ሾክድ» (የደነገጠ) እና «ሾኪንግ» (አስደንጋጭ)ም እንዲሁ ናቸው።

ጥያቄ፦ «ግሮስ»ስ?

መልስ፦ «አስጸያፊ» ለማለት የልጆችና የወጣቶች ቃል ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ይበዛል። በደመወዝ ወረቀት ላይ ካዩት ግን አይጸየፉት፤ ግብር ያልተቀነሰለት ገንዘብዎ ነው።

ጥያቄ፦ ክፉ ዜና ሰምቼ «ዘገነነኝ» ለማለት ምን ልበል?

መልስ፦ «ሆሪፋይድ» ወይም «አፖልድ»። ሁለቱን ቃላት በጣም እወዳቸዋለሁ። የመጀመሪያው ከላቲን የመጣ ሲሆን የጸጉር መቆምን ያነሣል፤ ሁለተኛው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ፣ መገርጣትን። እኛስ «ጸጉሬ ቆመ»፣ «ፊቱ አመድ መሰለ» እንል የለ? ልዩነታቸው ግን አይዘንጋ፦ «አፖልድ» ውስጥ ነቀፋ አለ። ሕፃን ተደብድቦ ቢሰሙ «አፖልድ» ያስኬዳል። በመሬት መንቀጥቀጥ ሰው ቢያልቅ ግን የሚነቀፍ የለምና «ሆሪፋይድ» ይበሉ።

ጥያቄ፦ «ክው አልኩ»ስ?

መልስ፦ «አይ ዎዝ ስተንድ»። እንግሊዞች «ጎብስማክድ» የሚሉትም አላቸው፤ አፉን በጥፊ እንደተመታ ሰው ማለት ነው። ለወዳጅ ጨዋታ እንጂ ለልቅሶ ቤት አይሆንም።

ጥያቄ፦ «ኦ ማይ ጋድ» ነውር ነው?

መልስ፦ ሃይማኖተኛ ሰው ፊት «ማይ ጉድነስ» ይሻላል። «ኦኤምጂ» የተባለውን አጽሕሮት ግን የስልክ ዘመን ልጆች ፈጠሩት አይበሉ፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዥ የነበሩት አድሚራል ጆን ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1917 ለዊንስተን ቸርችል በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል። ያን ጊዜ ፊሸር የ76 ዓመት አዛውንት ነበሩ።

ጥያቄ፦ «ኤጭ!»ን እንዴት ልተርጉም?

መልስ፦ መሰልቸት ከሆነ «አግ!» ይበሉ። ለሕፃን «እፉ ነው!» እንደምንለው ከሆነ ደግሞ «ዩክ!»