ልጅ በወንጭፍ አይታዘልም

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። ለወላድ እናቶች የሚታደል መመሪያ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው። «ስሊንግ» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላቱ «ወንጭፍ» ይለዋል። «ሕፃኑን በወንጭፍ ይያዙ» ብል ያስኬዳል? ለተሰበረ ክንድም ይኸው ቃል ገብቷል።

መልስ፦ እባክዎን እንደዚያ አይጻፉ። ያነበበችው እናት ትደነግጣለች። ወንጭፍ ድንጋይ መወርወሪያ ነው።

እንግሊዝኛው ዕቃ የሚይዝን ማንኛውንም የገመድ ወይም የጨርቅ ቀለበት በአንድ ስም ይጠራል። እኛ ግን መጀመሪያ የምናየው ሥራውን ነው። ይወነጨፍበታል? ይነገትበታል? ይታዘልበታል? ስሙ ከግሡ ይወጣል።

ወንጭፍን ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሁለት ገመድ ነው፤ መሐሉ ላይ ድንጋይ የሚቀመጥበት ሰፋ ያለ ቆዳ አለ። አንዱን ጫፍ ጣት ላይ ያጠልቁታል፣ ሌላውን በዚያው እጅ ይይዙታል፤ ከዚያ አሽከርክሮ አንዱን ጫፍ መልቀቅ ነው። ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ ሆኖ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ መሣሪያው ይኸው ነው። ዳዊትም ከወንዝ 5 ድብልብል ድንጋዮች መርጦ ጎልያድን የገጠመው በዚሁ ነው። ከተማ ውስጥ በባላ እንጨትና በላስቲክ የሚሠራውንም ወንጭፍ እንለዋለን። አሠራሩ ሌላ ነው፤ ግን ያም ድንጋይ ስለሚወረውር ስሙ አልከበደውም።

በግእዝ ወንጭፍ «ሞጸፍ» ነው፣ ግሡም «ወጸፈ»። የግእዙ ጸ በአማርኛ ጨ ሲሆን አዲስ ነገር አይደለም፤ «ጼው»ም «ጨው» ሆኗል። ነፋስ እየነዳ በረንዳ ድረስ የሚያስገባው ዝናብ፣ ወጨፎ የምንለው፣ የዚሁ ዘር ይመስለኛል። እኔ ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ።

ግሡ ዛሬም ሥራ አልፈታም። ዜናው «ተወንጫፊ ሚሳይል» ይላል። ሳተላይት ግን አይወነጨፍም፣ ይመጥቃል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና ስትነሣ «መጠቀች» ነው የተባለው። ትክክል ነው። የሚወነጨፍ ነገር የሚመታው ዒላማ አለው።

ወደ መመሪያዎ ልመለስ። ጠመንጃ ይነገታል፤ ጠፍሩም ማንገቻ ነው። ግሡ አንገትን ይዟል። ስለዚህ ለተሰበረው ክንድ «የክንድ ማንገቻ» ቢሉ ማንም ይረዳዎታል። ለሕፃኑ ደግሞ አንቀልባ የሚባል ያማረ ቃል አለን። ችግሩ፣ አንቀልባ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጀርባ ላይ የሚታዘልበት ቆዳ ነው፤ በዛጎል ያጌጠውን ያየ ያስታውሰዋል። የእርስዎ ጨርቅ ደረት ላይ የሚታሰር ከሆነ «ማቀፊያ ጨርቅ» ይበሉት፤ ጀርባ ላይ ከሆነ «ማዘያ» ይበቃል። ዓረፍተ ነገሩም «ሕፃኑን በማቀፊያው ጨርቅ ደረትዎ ላይ ይያዙ» ይሁን።