የልውውጥ ዕድል ለተማሪውም ለሠራተኛውም

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ታላቅ ወንድሜም እዚያው የአስተዳደር ሠራተኛ ነው። ኢራስመስ ፕላስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ሁለታችንም መወዳደር እንችላለን? በውጭ የምወስደው ኮርስስ ይያዝልኛል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ትችላላችሁ፤ ተማሪ ከ2 እስከ 12 ወር ለትምህርት፣ ሠራተኛ ደግሞ ከ5 ቀን እስከ 2 ወር ለሥልጠና ይሄዳል። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲያችሁ ከተቀባዩ ተቋም ጋር አስቀድሞ ስምምነት መፈራረም ስላለበት፣ በቅድሚያ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ክፍሉን ጠይቁ። ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፈልም።

ኮርሱን በተመለከተ፣ ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ከጉዞ በፊት የሚፈርሙበት የትምህርት ስምምነት አለ፤ በእያንዳንዱ የውጭ ኮርስ ትይዩ በጎንደር የሚተካው ኮርስ ከነክሬዲቱ ካልሰፈረ፣ ሲመለሱ ሬጅስትራር ደጅ መጥናትዎ አይቀርምና (ይህን ብዙዎች ችላ ይሉታል) የትምህርት ክፍል ኃላፊዎን ሳያስፈርሙ አይነሡ።