አውቶቡሱ ወይስ ቫኑ?

ጥያቄ፦ በኦሮራ፣ ኮሎራዶ የምኖር የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ዕድሜዬ 57 ነው፤ ልጆቻችን ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል። የቤት ኪራዩ ስለመረረን ከፋሲካ በኋላ ቤታችንን መኪና ላይ ለማድረግ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። ያልተስማማነው በመኪናው ነው። እኔ ከአገልግሎት የወጣ 40 ጫማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ በጨረታ ገዝቼ ቤት ላደርገው አስቤአለሁ፤ መነሻ ዋጋው 5,000 ዶላር ነው። እሷ ደግሞ «አልጋና ምድጃ ያለው ቫን ይበቃናል፤ አንተ የፈለግኸው ቤት ሳይሆን ሌላ ከባድ መኪና ነው» ትላለች። ምጣዷን ትታ ግን የትም እንደማትሄድ ነግራኛለች። እርስዎ በሁለቱም ኖረዋልና ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ባለቤትዎ። ሾፌር ለሾፌር ይህን መናገር ደስ አይልም፤ ያም ሆኖ ባለቤትዎ ናቸው።

እኔም 40 ጫማ ነበረኝ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ከሚሺጋን በ4,200 ዶላር ገዛሁት። ሞተሩ ዲቲ 466 ነበር፤ ስለ ሞተሩ እስከ ዛሬ ክፉ አልናገርም። ሻጩ «ዝገት የለውም» አለኝ። ላዩን አልነበረውም። ወንበሮቹን ለመንቀል ስጀምር ብሎኖቹ ከወለሉ ጋር አንድ ሆነው ስለነበር ከመቶ በላይ ብሎን ተንበርክኬ በግራይንደር ቆረጥኩ። ከዚያ ጥቁሩን የጎማ ምንጣፍና ከሥሩ ያለውን ኮምፔርሳቶ ስገልጥ በቀዳዳው አስፋልቱን አየሁት። በሚሺጋን ክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨዋማውን በረዶ ልጆቹ በጫማቸው፣ ጎማው ደግሞ ከታች ለዓመታት ሲያመጡለት ኖረዋል። የርካሽነቱ ምሥጢር ይኸው ነበር። እርስዎ የግድ ልግዛ ካሉ ዓይንዎን ወደ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ ያድርጉ፤ ከመግዛትዎም በፊት ካርቶን አንጥፈው ከሥሩ ይግቡ።

በስድስት ወር እጨርሰዋለሁ ያልኩት 22 ወር ወሰደ። ወጪው 34,000 ዶላር ደረሰ፤ ያ ሁሉ ሲሆን የመረረኝን የቤት ኪራይም እየከፈልኩ ነበር። ወለሉና ጣራው ላይ የብርድ መከላከያ ሲገባበት ውስጡ ዝቅ አለና መሐል ላይ ካልሆነ በቀር ቀጥ ብዬ መቆም አልቻልኩም።

ሲቆም ግን ግሩም ቤት ነበር። አንዱን ክረምት አሪዞና፣ ኳርትዝሳይት በረሃ ላይ አሳለፍኩ። የፌደራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ እዚያ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ማደሪያ ይሰጣል፤ እኔ ስገባ ለወቅቱ በሙሉ 180 ዶላር ከፈልኩ። ረከቦት ዘርግቼ ቡና ስቆላ የጎረቤት ጡረተኞች ወንበራቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ዕጣኑ ሲጤስ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ እነሱም ያጨበጭባሉ። (የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን ግን በምንም ምክንያት እንዳያጠፉት። ከሰልም ውስጥ አያንድዱ፤ የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ ለአበሻ አልነግርም።)

ጣጣው የሚጀምረው ሲነሡ ነው። ስኳር ባለቀ ቁጥር ሳህኑን ቆልፎ፣ ውሃውን ዘግቶ፣ ቤቱን ሙሉ ይዞ ገበያ መውጣት አለ። በአንድ ጋሎን ናፍጣ ስምንት ማይል ይሄድልኝ ነበር። ሞንታና ግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተራራውን የሚያቋርጠው መንገድ ከ21 ጫማ የረዘመ ተሽከርካሪ አያሳልፍም፤ ያን ተራራ ላይ ከወጡት ሰዎች ፎቶግራፍ አየሁት። የመኖሪያ መኪና የሚጠግን ጋራዥ «ይህ አውቶቡስ ነው» አለኝ፤ የከባድ መኪናው ጋራዥ ደግሞ «ይህ የሰው ቤት ነው፤ አንነካም» አለኝ። ስድስቱን ጎማ ስቀይር 2,700 ዶላር ወጣብኝ። በሦስተኛው ዓመት መንቀሳቀሱን እየፈራሁ አንድ ቦታ ተተክዬ እንደምኖር ሲገባኝ ሸጥኩት።

መንጃ ፈቃድዎ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ኢንሹራንሱ ነው፤ በባለቤቱ እጅ ቤት የሆነ አውቶቡስ አንወስድም የሚሉ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፤ ለጨረታው እጅዎን ከማንሣትዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ። ቢጫው ቀለምም ከ1939 ጀምሮ የተማሪ ማመላለሻ መለያ ስለሆነ ብዙ ስቴቶች እንዲቀየር፣ «ቁም» የሚለው ምልክትም እንዲነሣ ያስገድዳሉ።

አሁን ያለሁባት ቫን 19 ጫማ ተኩል ናት። የሱፐርማርኬት ማቆሚያ ውስጥ ትገባለች፤ ማንኛውም መካኒክ ይሠራታል። ሐሜቷንም ልንገርዎ፦ መጸዳጃዋ ባልዲ ነው፤ ሦስት ቀን ዝናብ ሲጥል እርጥብ ካልሲ ይሸታል። ከሁሉ የከፋው እኔን አያገኘኝም፤ ብቻዬን ነኝና። እናንተ ግን ሁለት ናችሁ፤ ቫን ውስጥ ተኳርፎ የሚኬድበት ሌላ ክፍል የለም። ስለዚህ መኪናዎን ሳይገዙ በፊት በየካቲት፣ ኮሎራዶ በረዶ ላይ ሳለች፣ ቫን ለሁለት ሳምንት ተከራይታችሁ ኑሩ። በበጋ ሁሉም መኪና ቤት ይመስላል። ከዚያ በኋላም አንዱ ዘመድ ግቢ ወይም በራሳችሁ መሬት ላይ ዓመት ሙሉ ለመቆም ከፈለጋችሁ፣ ያን ጊዜ አውቶቡሱን ይግዙ፤ እኔም ለምርቃቱ እመጣለሁ።

የምጣዱ ነገር። 1,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ሳይቋረጥ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህ 250 አምፒር ሰዓት የሚይዝን የ12 ቮልት ባትሪ ሙልጭ አድርጎ ይጨርሳል። ቫንዎ ያን አይችልም፤ የእኔም አውቶቡስ የቻለው በጭንቅ ነበር። ስለዚህ ምጣዷ ከአልጋው ሥር ትግባ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ኤሌክትሪክ ያለው ማደሪያ ትከራያላችሁ፤ ባለቤትዎ ውጭ ጠረጴዛ ላይ ይጋግራሉ። ሊጡን እርስዎ ያቡኩ።