ካሊበር ሳትይዙ ኑ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ጅማ ውስጥ ብረት በሚቀርጸው ማሽን፣ በቶርኖ ላይ ቆሜ፣ ካሊበር የሚባለውን መለኪያ ይዤ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጠመንጃ ልጻፍላችሁ። አትደንግጡ፣ ስለ ስፖርት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቤንችሬስት የሚባል የኢላማ ተኩስ ውድድር አለ። ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ፣ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ይተኮሳል። ብሔራዊ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ቆየት ብሎ ሀንተር የሚባል ዘርፍ ተከፈተ። ተራው አዳኝ የቤቱን ጠመንጃ ይዞ መጥቶ እንዲወዳደር ታስቦ ነው። ደንቡም በእሱ ልክ የተሰፋ ነበር። ክብደቱ ከ10 ፓውንድ ማለትም ከ4.5 ኪሎ አይበልጥም። መነጽሩ 6 እጥፍ ብቻ ያጎላል። ቀለሁ ቢያንስ 30-30 የሚባለውን የታወቀ የአደን ጥይት ቀለህ ያህል ባሩድ መያዝ አለበት።

ኢላማው 91 ሜትር ላይ ይቆማል። መሃሉ ላይ ያለችው ነጥብ ስፋቷ 1.6 ሚሊሜትር ነው። ካሊበር 1.6 ላይ ክፈቱና ወደ መስኮቱ አንሱት። በዚያች ስንጥቅ የሚገባውን ብርሃን እዩት። ሰዎቹ ከ91 ሜትር የሚፈልጓት እሷን ነው! ለዚህ ደግሞ ግማሹ ሥራ የኛው ነው። የአፈሙዙ ጥርስ በቶርኖ ይወጣል፣ የጥይቱ ማደሪያ ይቦረቦራል፣ መሃሉን እንዳይስት ዳያል ጌጅ በሚባለው ባለ መርፌ መለኪያ ይፈተሻል። ሳነብ እጄ ይበላኝ ነበር።

ታዲያ ጎበዞቹ እየረቀቁ ሄዱ። 30x47 የሚባል፣ የደንቡን ልክ ለጥቂት የሚያሟላ ቀለህ አበጁ። ጠመንጃው በስም የአዳኝ ቢሆንም ጫካ ይዞት የሚገባ ጠፋ። ዋጋውም ናረ። የቤቱን ጠመንጃ ይዞ የመጣው ሰው አንዴ ተሸነፈ፣ ሁለቴ ተሸነፈ፣ በሦስተኛው ቀረ። በኋላም መነጽር የማይገድብ ሌላ ዘርፍ ሲመጣ የቀሩት ወደዚያ አዘነበሉ። አጥፊ ብላችሁ የምትጠቁሙት ሰው የለም። ሁሉም ሥራውን ባሳመረ ቁጥር ደጃፉ ከፍ አለ።

እኔም አድርጌዋለሁ። ሂርማታ አካባቢ ስሠራ አንድ ልጅ ሥራ ልማር ብሎ መጣ። «ካሊበርህን ይዘህ ና» አልኩት። አልተመለሰም። ያኔ ለሙያው ክብር የቆምኩ መስሎኝ ነበር። ዛሬም ፊቱ አይጠፋኝም።

ስለዚህ ባዶ እጃችሁን ኑ። በባጃጅ ቦኮላ፣ በዚያች ትንሽ የብረት ቀለበት ጀምሩ፣ ብረቱም ርካሽ ነው፣ ብታበላሹትም ይቀየራል። ነገ ስትበረቱ ቦኮላውን ንቃችሁ አትተዉት፣ ለሚቀጥለው ልጅ አቆዩለት። ቅዳሜ ጠዋት የቶርኖ ቤቴ ክፍት ነው። ሁለተኛውን ካሊበር መሳቢያው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።