ሜሹ ሲደቅ የሚያድገው ሞመንት፦ ለፌሮው የትኛውን ቁጥር እንያዝ?

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ኮምቦልቻ የሚሠሩ አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ ደሴ ላይ ለሚገነባ የቢሮ ሕንፃ ቢም የሌለው፣ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በፋይናይት ኤሌመንት ፕሮግራም (ሶሌታውን በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በሚያሰላ) ሠርተዋል። ኮለኖቹ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሲሆኑ በሁለቱም አቅጣጫ በየ6 ሜትሩ የቆሙ ናቸው። ሜሹ፣ ማለትም የእነዚህ ክፍሎች መጠን፣ 1 ሜትር ሳለ በመካከለኛው ኮለን አናት ላይ የታየው ሞመንት (ሶሌታውን የሚያጎብጠው ተጽዕኖ) በሜትር ስፋት 52 ኪሎኒውተን ሜትር ነበር፤ 50 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወደ 84፣ 25 ሲሆን ደግሞ ወደ 118 ከፍ አለ። በሶሌታው መሐል ያለው መርገብ (ወደ ታች መጉበጥ) ግን ከ3.6 ሚሊ ሜትር ንቅንቅ አላለም። «ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ፌሮውንስ በየትኛው ቁጥር ላውጣ?» ይላሉ።

ፕሮግራሙ ደኅና ነው። ከቁጥሮቹ ይልቅ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ይመልከቱ፦ መጀመሪያ 32፣ ቀጥሎ 34። ሜሹን በግማሽ ባደቀቁ ቁጥር የሚጨመረው መጠን አንድ ዓይነት ሊባል ይችላል፤ ይህም ኮለኑ በሞዴሉ ውስጥ ስፋት የሌለው ነጥብ ሆኖ መግባቱን የሚያሳብቅ ምልክት ነው። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ኪርኮፍ በ1850 እ.ኤ.አ. ባቆመው የስስ ሰሌዳ ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ኃይል በነጥብ ላይ ሲያርፍ ሞመንቱ ወደ ነጥቡ በተጠጋን መጠን በሎጋሪዝም እያደገ ይሄዳል፤ ማቆሚያም የለውም። በእጅ ማረጋገጥ ይቻላል። የሶሌታው የራሱ ክብደት በካሬ ሜትር 5፣ የወለል ማጠናቀቂያና የክፍልፋይ ግድግዳ 2፣ የአገልግሎት ጭነት 3 ኪሎኒውተን ብንይዝና፣ ለደኅንነት ሲባል የመጀመሪያዎቹን ሁለት በ1.35፣ የአገልግሎቱን በ1.5 ብናባዛ ወደ 14 ይደርሳል፤ በ36 ካሬ ሜትር ሲባዛ ኮለኑ ከአንድ ወለል የሚቀበለው 504 ኪሎኒውተን ነው። ይህን በ1.2 አባዝተን (የአርማታው የፖይሰን ሬሾ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ሲጨመቅ ወደ ጎን የሚለጠጥበት ምጣኔ፣ 0.2 ስለሆነ) ለ4 ፓይ ብናካፍልና በ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ብናባዛ 33 እናገኛለን። የእርስዎ 32 እና 34 ከዚሁ ጋር የሚስማሙ ናቸው። ስለዚህ ሜሹን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ቢያወርዱት ቁጥሩ ከ190 በላይ ይወጣል እንጂ አይረጋም፤ የኮምፒዩተሩን ጊዜ ማባከን ብቻ ነው የሚሆነው።

እውነተኛው ኮለን 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ከአካሉ ውስጥ የሚነበብ ሞመንት ለዲዛይን አያገለግልም። በኮለኑ ፊት፣ ማለትም ከማእከሉ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የፓኔሉን (በኮለኖች መካከል ያለውን የሶሌታ ክፍል) ሙሉ 6 ሜትር የሚያቋርጥ መቁረጫ መስመር ያስምሩና በመስመሩ ላይ ያለውን ሞመንት በሙሉ ይደምሩ። ጫፉ ምንም ያህል ቢሾል ከሥሩ ያለው ስፋት ውሱን ስለሆነ፣ ድምሩ ሜሹ ሲደቅ ይረጋል። ሜሹን ሲፈትሹ መመልከት ያለብዎት ይህ ድምር መርጋቱን ነው።

ድምሩ ትክክል መሆኑንም ያለ ፕሮግራም ማወቅ ይቻላል። ኒኮልስ የተባለው መሐንዲስ በ1914 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በአንድ ፓኔል ውስጥ የአሉታዊው (ኮለኑ ላይ ሶሌታውን ከላይ የሚለጥጠው) እና የአዎንታዊው (መሐል ላይ ከታች የሚለጥጠው) ሞመንት ድምር ከሚዛን ሕግ ብቻ ይወጣል፦ ጭነቱ ሲባዛ በፓኔሉ ስፋት፣ ሲባዛ በንጹሕ ርዝመቱ (ከኮለን ፊት እስከ ኮለን ፊት) ካሬ፣ ሲካፈል ለ8። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ሞመንት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች አጥብቀው ተከራክረውት ነበር፤ ሚዛን ግን በክርክር አይሸነፍም። ለእርስዎ 14 ሲባዛ በ6፣ ሲባዛ በ5.6 ካሬ፣ ለ8 ሲካፈል 329 ኪሎኒውተን ሜትር ይሆናል። በውስጠኛ ፓኔል ከዚህ 65 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 214፣ በኮለኖቹ መስመር ላይ የሚገኝ አሉታዊ ሞመንት ነው። የፕሮግራሙ ድምር ከዚህ እጅግ ከራቀ የጭነት ወይም የድጋፍ ስሕተት ይፈልጉ።

ለፌሮው ምደባ በዩሮኮድ (በአውሮፓ የግንባታ ደንብ) ላይ የተመሠረተው የ2015 እ.ኤ.አ. የሕንፃ ደንባችን መንገድ ያሳያል። ለሙሉው አሉታዊ ሞመንት ከሚያስፈልገው የላይ ፌሮ ግማሹ ከኮለኑ ግራና ቀኝ የፓኔሉን ስፋት 0.125 በሚያህል ወርድ ውስጥ እንዲከማች ይጠይቃል፤ በእርስዎ ሶሌታ ይህ 107 ኪሎኒውተን ሜትር በ1.5 ሜትር ላይ፣ ወይም በሜትር 71 ገደማ ነው። ከ118ቱ አነሰ ብለው አይሥጉ፤ ከ52ቱ መብለጡን ግን ልብ ይበሉ፤ የሻከረውን ሜሽ አምነው ቢሆን ኖሮ ፌሮ ያጎድሉ ነበር። ከታችም በየአቅጣጫው ቢያንስ ሁለት ፌሮ በኮለኑ ውስጥ እንዲያልፍ ያድርጉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያልጠየቁት ጉዳይ ነው፤ እርሱም ኮለኑ ሶሌታውን እንዳይበሳው ነው። የሰሌዳ ሞዴል የሞመንቱን ሥዕል በቀለም አድምቆ ያሳያል፤ የፓንቺንግ (የመብሳት) ፍተሻውን ግን ለብቻው ካላዘዙት ዝም ብሎ ያልፈዋል። የፌሮው ጥልቀት (ከሶሌታው ታች እስከ ላይኛው ፌሮ) 16.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ደንቡ ከኮለኑ ፊት በጥልቀቱ ሁለት እጥፍ ርቀት ላይ የሚያስመረምረው ዙሪያ 3.67 ሜትር ነው። 504ን ለጭነቱ መዛባት በ1.15 አባዝተን ለዙሪያውና ለጥልቀቱ ብናካፍል 0.96 ሜጋፓስካል ይወጣል። ሲ-25 አርማታ፣ ፌሮውን በልግስና 1 በመቶ ብንሰጠው እንኳ፣ ያለ ሺር ፌሮ (መቆረጥን የሚቋቋም ፌሮ) የሚችለው 0.70 አካባቢ ብቻ ነው። ይህ ሶሌታ እንዳለ አይቆምም፤ ወይ በኮለኑ ዙሪያ ይወፍር፣ ወይ ኮለኑ ይስፋ፣ ወይ የሺር ፌሮ ይግባበት። ሙሉ ሶሌታውን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ማሳደግ ክብደቱንም ስለሚጨምር ድንበሩ ላይ የሚቀር መፍትሔ ነው፤ እኔ ብሆን በኮለኑ ዙሪያ ማወፈሩን እመርጣለሁ።

ስሌቱ የቱንም ያህል ቢጣራ፣ አርማታ በሚሞላበት ቀን ሠራተኛው የላዩን ፌሮ እየረገጠ 3 ሳንቲ ሜትር ካወረደው፣ የሞመንት አቅሙ ወደ 18 በመቶ ይቀንሳል። የላዩን ፌሮ የሚሸከሙት ደጋፊ ብረቶች በሥዕሉ ላይ ተቆጥረው ይግቡ፤ «በሥራ ቦታ ይስተካከላል» ተብሎ መተው የለባቸውም።

የመጨረሻው ነጥብ አካባቢውን የሚመለከት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ናቸው፤ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ያለችውን ካራ ቆሬን የመታውና ማጀቴን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥም የዚሁ ጠርዝ ነው። ዩሮኮድ 8 ቢም የሌለው ሶሌታና ኮለን ብቻቸውን የመንቀጥቀጡን ኃይል የሚሸከሙበትን ሥርዓት ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። ስለዚህ የጎን ኃይሉን ለሺር ግድግዳዎች (የጎን ኃይል ለሚሸከሙ የአርማታ ግድግዳዎች) ይስጡ፤ ግድግዳዎቹ በፕላኑ ላይ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብሉ ያድርጉ። ከዚያም ሕንፃው ሲወዛወዝ የሚደርሰውን መፈናቀል በኮለኖቹ ራስ ላይ አስገብተው የፓንቺንግ ፍተሻውን እንደገና ይሥሩት፤ 1.15 የተባለው ማባዣ ያን ጊዜ አይበቃምና።