የአገራችን ንብ አንድ ነው ወይስ ብዙ? ጥያቄና መልስ

ስለ ንብ ዘርና ስለየአካባቢው ንቦች ልዩነት ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ስለ ማር ዋጋ የጠየቃችሁ ደግሞ ለሌላ ቀን ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አንዱ ጽሑፍ በኢትዮጵያ አምስት ዓይነት ንብ አለ ይላል፣ ሌላው ሦስት፣ ሌላው ደግሞ አንድ ብቻ። ለተማሪዎቼ የትኛውን ልንገራቸው?

መምህር፣ ጽሑፎቹ የተጣሉ ቢመስሉም ሁሉም የሚናገሩት አፒስ ሜሊፌራ ስለምትባለው አንዲት ዝርያ ነው። ክርክሩ ከዚያ በታች ባለው እርከን፣ በንዑስ ዝርያዎች ላይ ነው። በ1997 ራድሎፍና ሄፕበርን የንቦቹን አካል ለክተው ሦስት ናቸው አሉ። በ2004 አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቻቸው አምስት አደረጓቸው፦ በሰሜን ምዕራብና በምሥራቅ ቆላ ጀመኒቲካ፣ በመካከለኛው የአገሪቱ ደጋ ባንዳሲ፣ በሰሜኑ ደጋ ሞንቲኮላ፣ በምዕራብና በደቡብ እርጥበታማ ወይና ደጋ ስኩቴላታ፣ በደቡብ ምዕራብ ቆላ ደግሞ ወይ-ጋምቤላ። በ2011 ማይክስነርና ባልደረቦቿ የእኛን ንቦች ከጎረቤት አገሮች ንቦች ጋር ሲያነጻጽሩ የኢትዮጵያዎቹ በአንድነት ተለይተው ወጡ። ስለዚህ የሰሜን ተራሮችን ስም ወስደው ሲመንሲስ የሚል አንድ የጋራ ስም ሰጧቸው።

ከመተማ ተነሥተው ወደ ሰሜን ተራሮች ቢወጡ ንቧ በየጥቂቱ ትጠቁራለች፣ በየጥቂቱም ትገዝፋለች። «እዚህ ላይ አንዱ አለቀ፣ ሌላው ጀመረ» የሚሉበት ድንበር ግን አያገኙም። መስመሩን የሚያሰምረው ለኪው ነው፤ በአገር ውስጥ ብቻ የሚለካ ሰው ልዩነቱ ይጎላበታል፣ ከጎረቤት ጋር የሚያነጻጽር አንድነቱ ይታየዋል። የዘረመል ምርመራም ይህን አንድነት ይደግፋል። አብዛኞቹ የአፍሪካ ንቦች ኤ በተባለው የዘር ሐረግ ሲመደቡ፣ ከእናት ብቻ በሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዘረመል በኢትዮጵያ ንቦች ላይ የተለየ ሐረግ ተገኝቶ በ2001 ዋይ ተብሏል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ቁጥር አላስሸመድድም። ሦስቱን አከፋፈል ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ለምን ተለያዩ?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአንዱ ቀፎዬ ውስጥ ቢጫም ጥቁርም ንብ አለ። ንቤ ተበረዘ ማለት ነው?

አይደለም፣ ልጄ። አውራዋ፣ ማለትም የቀፎው እናት፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ከቀፎ ወጥታ አየር ላይ ከ10 እስከ 20 ከሚደርሱ ድንጉላዎች (ወንድ ንቦች) ጋር ትገናኛለች፤ ዘራቸውንም በሆዷ አኑራ ዕድሜዋን ሙሉ ትጠቀምበታለች። ስለዚህ በቀፎህ ያሉት ሠራተኞች የአንድ እናትና የብዙ አባቶች ልጆች ናቸው። አንዱ አባት ቢጫ ቢሆን ሌላው ጥቁር ነው።

የአባቶቹ መብዛት ለቀፎው ትልቅ ጥቅም አለው። የአንዱ አባት ልጆች ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ሲል ክንፋቸውን ማራገብ ይጀምራሉ፤ የሌላው አባት ልጆች ቆይተው ይከተላሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይጀምሩና ስለማያቆሙ የእጩ ክፍል ሙቀት አይዋዥቅም። በሽታም ቢገባ ሁሉንም እኩል አያጠቃም። ለመሆኑ ያየሃቸው ጥቁሮች ያረጁ ንቦች አለመሆናቸውን አረጋግጠሃል? ንብ ሲያረጅ ጸጉሩ ይረግፍና ጠቁሮ ያብለጨልጫል።

ጥያቄ፦ የደጋ ንብ ከቆላ ንብ የሚለየው በዘር ነው ወይስ በአየርና በምግብ?

በሁለቱም ነው፤ የዘሩ ድርሻ ግን ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። ጥሩ ማስረጃ ያለው በኬንያ ተራሮች ነው። በዚያ ከፍታው ላይ ያለችው ጠቆር ያለችና ረጋ ያለች ሞንቲኮላ፣ ከታች ሜዳው ላይ ያለችው ደግሞ ስኩቴላታ ናት። በ2017 የታተመ ጥናት የሁለቱን ሙሉ ዘረመል ሲያነጻጽር አብዛኛው ክፍል ተቀላቅሎ አገኘው። የጎላው ልዩነት ያለው በ7ኛውና በ9ኛው ክሮሞሶም ላይ በሚገኙ ሁለት ትልልቅ ቁራጮች ብቻ ነበር። ቁራጮቹ የተገለበጡ በመሆናቸው በእርባታ ጊዜ ከሌላው ዓይነት ጋር አይበወዙም፤ በውስጣቸው ያሉት ዘረመሎችም እንደ አንድ ጥቅል ይተላለፋሉ። የሚያስደንቀው፣ ብዙ ርቀት በሚለያያቸው በኬንያ ተራራና በኤልጎን ተራራ ላይ ያሉት የደጋ ንቦች እነዚያኑ ቁራጮች ይዘው መገኘታቸው ነው። ድንጉላው ከሜዳ ወደ ተራራ እየበረረ ዘሩን ቢበውዘውም፣ ለብርዱ የሚያስፈልገውን ጥቅል ተራራው መርጦ ያስቀራል።

ጥያቄ፦ በትግራይ ንብ አናቢ ነኝ። ኅብረ ንብ (አንድ አውራ ከነሠራተኞቿ) ከገበያ ገዝቼ ነው የማበዛው፤ ከሩቅ የመጣም ይገኝበታል። አንድ ባለሙያ «የዘር ብዝኃነት ታጠፋላችሁ» አለን። ከየቦታው መግዛት ብዝኃነትን ይጨምራል እንጂ እንዴት ያጠፋል?

ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህኛው ይበልጣል፤ ሰፋ አድርጌ ብመልሰው አትቀየሙኝ።

ብዝኃነት በሁለት ደረጃ ይለካል። አንደኛው በአንድ መንደር ቀፎዎች ውስጥ ስንት ዓይነት ዘር አለ የሚለው ነው። ሁለተኛው የአንዱ አካባቢ ንብ ከሌላው አካባቢ ንብ ምን ያህል ይለያል የሚለው ነው። ከየቦታው ገዝተው ሲያደባልቁ የመጀመሪያው ይጨምራል፤ በዚህ እርስዎ ትክክል ነዎት። ሁለተኛው ግን ይቀንሳል፤ በዚህ ደግሞ ባለሙያው ትክክል ነው። ቀይ ወጥና አልጫ በአንድ ድስት ቢገለበጡ እያንዳንዱ ጉርሻ ሁለት ጣዕም ይኖረዋል፤ ማዕዱ ግን ከሁለት ወጥ ወደ አንድ ወርዷል። ክርክራችሁ ስለ ሁለት የተለያዩ ልኬቶች ነበር።

በአገራችን ንቦች ላይ የተሠራ የቅርብ ዓመታት ጥናትም የኅብረ ንብ ገበያውና የአናቢነቱ ፈጣን ለውጥ በአካባቢዎች መካከል የነበረውን የዘር ልዩነት እየሸረሸሩት መሆኑን አሳይቷል። ሰው «ታዲያ ቢደባለቅ ምን ይጎዳል?» ይላል። የቆላ ንብ አበባ ሲጠፋ ቀፎዋን ጥላ መሄድ ልማዷ ነው፤ ድርቁን ያለፈችው በዚህ ነው። የደጋ ንብ ደግሞ ባጠራቀመችው ስንቅ ብርዱንና ክረምቱን ትሻገራለች። እያንዳንዷ እጭ የምታበዛበትን ጊዜ ከአገሯ አበባ ጋር አስማምታለች። ከሌላ አየር የመጣች ንብ አበባው ሳይፈነዳ እጭ አብዝታ ስንቋን ትጨርሳለች፤ ወይም አበባው ካለፈ በኋላ ትበረታለች። እርስዎ ይህን የሚያዩት «የገዛሁት ንብ ጥሎኝ ሄደ» በሚል ኪሳራ ነው። ገበያ ላይ ከንቡ ጋር በሽታውንም እንደሚገዙ አይርሱ።

ግዢውን ይተዉ አልልም፤ ኑሮ ነው። ግን ከፍታውና አበባው ከእርስዎ ቀዬ ጋር ከሚመሳሰል ቅርብ ቦታ ይግዙ። ሻጩንም «ከየት አመጣኸው?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ከሌለው ርካሽ ቢሆንም ይለፉት።

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር ነው የምኖረው። እዚህ ያለችው ካርኒካ የምትባል ንዑስ ዝርያ ገርና ብዙ ማር የምትሰጥ ናት። ጥቂት አውራዎች ወደ ጎጃም ወስጄ ወንድሞቼን ብረዳስ?

ወንድሜ፣ ሐሳብህ የበጎ ነው፤ ግን አታድርገው።

ለመጀመሪያ ያህል፣ ጀርመን ውስጥ የምታያት ካርኒካ ለአብዛኛው የጀርመን ክፍል እንግዳ ናት። የቀድሞዋ ነባር ጥቁሯ ንዑስ ዝርያ፣ አፒስ ሜሊፌራ ሜሊፌራ፣ ነበረች፤ ከዚያ አገር ከሞላ ጎደል የጠፋችው አናቢዎች የተሻለ ያሉትን ዘር እያመጡ ስለተኳት ነው። የካርኒካ አገር የሆነችው ስሎቬንያ ደግሞ ሌላ ዘር እንዳይገባባት በሕግ ትከላከላለች።

ከ2009 እስከ 2012 በአውሮፓ ሰፊ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ከ16 የተለያዩ የዘር ምንጮች የተገኙ ወደ 600 የሚጠጉ ኅብረ ንቦች በየአገሩ ተቀምጠው ቫሯ ለተባለው የንብ ተባይ መድኃኒት ሳይሰጣቸው ተተዉ። የየአካባቢው ተወላጅ የሆኑት ከመጤዎቹ በአማካይ 83 ቀን የበለጠ ኖሩ። ይህ እዚያው አውሮፓ ውስጥ ነው፤ ከአውሮፓ ወደ ጎጃም ሲሆን አስበው።

የከፋም አለ። በ1956 ብራዚላዊው የዘረመል ተመራማሪ ዋርዊክ ኬር ከአፍሪካ አውራዎችን ወደ ብራዚል ወሰደ፤ በ1957 ደግሞ 26 መንጋ አመለጠ። ልጆቻቸው ከአውሮፓ ዘር ንቦች ጋር እየተዳቀሉ አህጉሩን አዳርሰው በ1990 ቴክሳስ ገቡ። በዚያው በ1990 በደቡብ አፍሪካ አናቢዎች የአገሪቱ ደቡብ ጫፍ ንዑስ ዝርያ የሆነችውን የኬፕ ንብን ወደ ሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል አጓጓዙ። የዚህች ንብ ሠራተኞች ያለ ድንጉላ ሴት ልጅ መውለድ ይችላሉ። የስኩቴላታ ቀፎ ውስጥ ሰርገው እየገቡ፣ እንቁላል እየጣሉ፣ አሳዳሪያቸውን አጥፍተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ወደ 100,000 የሚሆን ኅብረ ንብ አለቀ። አገሯ ላይ ምንም ያላጠፋች ንብ ናት፤ ጥፋቱ የመጣው በጭነት መኪና ነው።

ከዚህ ሁሉ ተርፋ እንኳ ጎጃም ብትቀመጥ፣ የካርኒካዋ ልጆች የሚገናኙት ከጎጃም ድንጉላ ጋር ነው፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የምትወዳት ገርነት የለችም። አገራችንም የንብ ሀብትን የሚጠብቅ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 660/2002፣ በእኛ አቆጣጠር። ወንድሞችህን መርዳት ከፈለግህ ጥሩ የማር ማጣሪያና መከላከያ ልብስ ግዛላቸው።

ጥያቄ፦ የእኛ ንብ ቁጡ የሆነችው «አፍሪካናይዝድ» ስለሆነች ነው?

አይደለም። ያ ስም የብራዚሎቹ ዲቃላዎች ነው። ቁጣ በከፊል በዘር ይወረሳል፤ ግን በቀትር፣ ያለ ጭስ፣ ላብ ሸትቶህ ከከፈትህ የየትኛውም አገር ንብ ትናደፋለች። አመሻሽ ላይ ክፈት።

ጥያቄ፦ ከአንዲት ጥሩ ቀፎ ንቡን እየከፈልሁ ነው ሁሉንም ያበዛሁት። አሁን የእጩ እንጀራ (እጭ የሚያድግበት ሰም) ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል፤ እጩ ሳይሞላ ይቀራል። ምን ሆኖ ነው?

ሁለት ነገር አጣሩ። ከቀዳዳዎቹ ውስጥ የሸተተ ወይም እንደ ኖራ የደረቀ እጭ ካለ በሽታ ነው፤ ባለሙያ ይይላችሁ። ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ሆነው ባዶ ከሆኑ ግን የዝምድና እርባታ ሊሆን ይችላል።

በንብ ያልዳበረ እንቁላል ድንጉላ ይሆናል፣ የዳበረ ሴት ይሆናል። ይህን የሚወስነው በ2003 የተለየው ሲኤስዲ የተባለ ዘረመል ነው። ከእናትና ከአባት የመጡት ሁለት ቅጂዎች ከተለያዩ ሴት ትወጣለች። አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን የዳበረው እንቁላል ወንድ ይሆናል፤ ሠራተኞቹም ይህን እጭ ገና እንደተፈለፈለ አውጥተው ይበሉታል። ቀዳዳው የዚያ ነው። ሁሉም ቀፎዎች የአንዲት እናት ልጆች ሲሆኑና በአካባቢው ሌላ ንብ ሲጠፋ፣ አውራዋ ከዘመዶቿ ድንጉላ ጋር የመገናኘት ዕድሏ ይጨምራል። አንድ ተመሳሳይ ቅጂ የያዘ ድንጉላ ካዳቀላቸው እንቁላሎች ግማሹ በዚህ መንገድ ይባክናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከጎረቤት ወረዳ አንድ ሁለት መንጋ አስገቡ።

ጥያቄ፦ ቫሯ ገብቷል ይባላል። መድኃኒት እንርጭ?

ገብቷል። ከእስያዋ ንብ ከአፒስ ሴራና ወደ እኛዋ ዝርያ የተሻገረ ተባይ ነው። የአፍሪካ ንቦች ግን ራሳቸውን በማጽዳትና የተበከለ እጭ በማውጣት በብዛት ይቋቋሙታል። አትርጩ፤ ደካማዋን በመድኃኒት ደግፋችሁ ካቆያችሁ የደካማዋን ድንጉላ ለአገር ታሰራጫላችሁ።

ጥያቄ፦ ለዘር ምርመራ ናሙና መላክ እፈልጋለሁ። እንዴት ልያዝ?

ከእጩ እንጀራ ላይ 30 ያህል ሠራተኛ ንቦች ወስደህ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተት። አረቄ አይበቃም፤ ቢበቃም ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል። ፎርማሊን ዘረመሉን ስለሚያበላሽ አትጠቀም። ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈህ ጠርሙሱ ውስጥ አስገባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ስለ አላላኩ በሆለታ ያለውን የንብ ምርምር ማዕከል ጠይቅ።

ጥያቄ፦ አሥር ቀፎ ያለኝ ሴት ነኝ። በእኔ አቅም ለአካባቢዬ ንብ ምን ማድረግ እችላለሁ?

እህቴ፣ አሥር ቀፎ ቀላል አይደለም። ስትከፍዪ ከአንዷ ብቻ ሳይሆን ከሦስት አራቱ ጥሩ ቀፎዎች ክፈዪ። የድንጉላ እጭ ስታዪ «ሥራ ፈት ነው» ብለሽ አትቁረጪው፤ የሰፈሩ አውራ ሁሉ የሚገናኘው ከእሱ ጋር ነው። ሁሉንም ወደ ዘመናዊ ቀፎ ካዛወርሽ በኋላም ሁለት ባህላዊ ቀፎ አስቀሪ፤ በመንጋ ጊዜ ዛፍ ላይ ስቀያቸው፣ የአካባቢሽ መንጋ ራሱ መጥቶ ይገባል። በእያንዳንዱ ቀፎ ላይ አውራዋ ከየት እንደመጣችና መቼ እንደተተካች ጻፊ። ጎረቤቶችሽም አናቢዎች ከሆኑ አንድ ሁለት ኅብረ ንብ ተለዋወጡ፤ የሚያስፈልጋችሁ አዲስ ደም ከአንድ ቀን የእግር መንገድ በላይ አይርቅም።